የገደል ወረፋ

ጽዮን ለመግባት ዕጣ ማውጣት ግድ ነው፤ ግብፅ ግን መኪና ያለው ሁሉ ይገባል። የብሉይ ኪዳን ጨዋታ እንዳይመስላችሁ፣ የዩታ በረሃ ደንብ ነው። «ዛየን» በሚሉት ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ «ሰብዌይ» የተባለውን ዝነኛ ገደል ከላይ እስከ ታች በገመድ ልውረድ ያለ ሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈላጊው ብዙ ስለሆነም ፈቃዱን የሚያገኘው በሎተሪ ነው። እኔ ደግሞ የሎተሪ ዕድሌን በዲቪ አሟጥጬ የመጣሁ ሰው ነኝ። ላስ ቬጋስ እየኖርኩ እንኳ ያንን ሳንቲም የሚውጥ ማሽን ነክቼ አላውቅም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዕጣ የማይጠይቅ ሌላ አለ፣ ስሙ ኢጂፕት ነው» ሲለኝ ሳላንገራግር እሺ አልኩ። ውሃ ፍለጋ ወደ ግብፅ የወረደ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አልተሰማም።

ኢጂፕት ኤስካላንቴ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ወዲያ፣ የኮረኮንች መንገድ ማለቂያ ላይ ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ከዚያ ጭንጫውን በእግር ቁልቁል ተወርዶ ኤስካላንቴ ወንዝ ይደረሳል። ወንዙን ይሻገሩና ኒዮን ካንየን የሚባለውን ገደል በትከሻው ሽቅብ ይዘውት ሄደው ከላይ በኩል ይገቡበታል። ከዚያ አንዴ በገመድ፣ አንዴ በመቀመጫ፣ አንዴ በዋና እየተባለ በአፉ በኩል ይወጣል። ከዚያስ? ከዚያማ ወደ ግብፅ ሽቅብ መመለስ ነው። የተነሱበት ቦታ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ሲደክሙ መዋል። እናቴ በስልክ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ሰማችና «ታዲያ እዚያው መኪናው ጋ አትቀመጡም ነበር?» አለች። ስፖርቱ ከተጀመረ ወዲህ ለዚህ ጥያቄ ደህና መልስ የሰጠ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ጊዜው የፋሲካ ማግስት ነበር። ጥቅል ገመድ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ቤት ስገባ ደረጃው ላይ ያገኘኝ ያገሬ ልጅ ጎረቤቴ ዓይኑ በራ። «ቅርጫ አለ እንዴ? ለእኔም አንድ መደብ ያዝልኝ!» ገደል ልወርድበት እንደሆነ ስነግረው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና በሐዘኔታ «ሥራ ቀዝቅዟል እንዴ?» አለኝ።

እንደ እውነቱ ከሆነ ገመድና ገደል ለእኛ እንግዳ አይደሉም። ደብረ ዳሞ አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ አረጋዊን ዘንዶ አዝሎ አምባው ላይ እንዳወጣቸው ይተረካል፤ ከእሳቸው በኋላ ለመጣው ግን ዘንዶ ስላልተመደበለት እስከ ዛሬ በጠፍር ተንጠልጥሎ 15 ሜትር ያህል ግድግዳ ይወጣል። ወንድ ከሆነ ማለት ነው፤ ለሴት አይፈቀድም። ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው «ዋው፣ ገመዱ ሁልጊዜ እዚያው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ሳያውቀው የነገሩን ሥር ነካው። የደብረ ዳሞው ጠፍር ወደ ላይ ያወጣል፣ ሰውየው ጸልዮ ሲጨርስም ሊያወርደው እዚያው ይጠብቀዋል። የዩታው ገመድ ግን የመጨረሻው ሰው መሬት እንደረገጠ ከላይ ካለው ቀለበት ሾልኮ እንዲወርድ ከታች ይሳባል። ለቀጣዩ ገደል የሚያስፈልገው እሱው ራሱ ገመዱ ነዋ! ከተሳበ በኋላ በመጡበት መመለስ የለም። ፊት ለፊት ምንም ይኑር ምን ወደፊት ብቻ ነው። የእህቴ ልጅና ጓደኞቹ ስለዚህች ቅጽበት ሲያወሩ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑንና ፍሪጁን ሽጦ ቦሌ ለተገኘ ሰው ግን ያን ያህል ብርቅ አይደለም።

መንገዱ ላይ ልጁ እኔን ለማጽናናት ታሪክ ይነግረኝ ጀመር። የምንነዳበት አቧራማ መንገድ «ሆል ኢን ዘ ሮክ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1879 መገባደጃ 250 ያህል ሞርሞኖች 83 ሠረገላ አስከትለው፣ በስድስት ሳምንት እንደርሳለን ብለው በዚህ በኩል ተነሡ፤ ስድስት ወር ፈጀባቸው። ከኮሎራዶ ወንዝ በላይ ያለው አፋፍ ላይ ሲደርሱ ያገኙት አንድ ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ስለነበር በባሩድ አሰፉትና በ1880 ጥር ወር ሠረገሎቻቸውን ሰው ከኋላ በገመድ እየያዘ ቁልቁል ለቀቋቸው። የሞተ የለም፤ እንዲያውም በጉዞው ላይ ሕፃናት ተወለዱ። ልጁ «አየህ ጋሼ፣ በሠረገላ እንኳ ወርደዋል» አለ። ወርደዋል። ግን እነሱ አዲስ ሰፈር ሊመሠርቱ ነበር የሚሄዱት፣ እኛ እኮ ሰኞ ሥራ አለን።

ከዚያው መንገድ ብዙም ሳይርቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ኤቨረት ሩስ የሚባል የ20 ዓመት ሠዓሊ ሁለት አህዮች ይዞ ገብቶ ጠፍቷል። አህዮቹ ዴቪስ ገልች በተባለ ገደል ውስጥ ተገኙ፣ እሱ ግን እስከ ዛሬ የለም። ስለ እሱ ብዙ ተጽፏል፣ ተፈልጓል፣ ተቆፍሯል። ስለ አህዮቹ የጻፈ አላየሁም፤ እኔ ግን የመንገዱ አዋቂዎች እነሱ ነበሩ ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ካንየን መውረድ ሲባል ሰው የሚታየው አሮን ራልስተን ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ዩታ ውስጥ ብሉጆን በሚባል ካንየን ቋጥኝ ቀኝ እጁን አጣብቆት ከአምስት ቀን በላይ ቆየ፣ በመጨረሻም ክንዱን በገዛ ቢላው ቆርጦ ወጣ፤ ፊልምም ተሠራለት። ፊልሙን ያየ ሁሉ ይህ የልበ ሙሉዎች ሥራ ነው ብሎ ደምድሟል። ሰውየው ግን ብቻውን ነበር የሄደው። ከሰው ጋር ለሄደ ሥራው ድፍረት አይደለም፣ ወረፋ ነው።

አዎ፣ ወረፋ። ስድስት ሰው አፋፍ ላይ ይደርሳል። ገመዱ የሚችለው አንድ ሰው ነው። አንዱ ይታጠቃል፣ ሌላው ቋጠሮውንና ቁልፉን ይፈትሽለታል፣ ሰውየው ጫፉ ላይ ቆሞ ጥቂት ያስባል፣ ይወርዳል፣ ታች ደርሶ ከገመዱ ይፈታል፣ «ለቅቄያለሁ!» ብሎ ይጮሃል፣ ድምፁ በግድግዳው ተንከባልሎ እኛ ጋ ሲደርስ ቃሉ አይለይም፣ «ምን አለ?» ይባላል፣ ይደገማል። ከዚያ ሁለተኛው። ይህን ሁሉ ጊዜ ቀሪው ሰው በረጠበ ልብስ ጥላ ውስጥ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፤ ፀሐይ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አትገባም። ላይ በረሃ፣ ታች ደጋ። የልጁ ጓደኞች፣ ጡንቻቸው የሚያስፈራ ጎረምሶች፣ ወረፋው ሲረዝም ጭንቀት ያዛቸው፤ ለውዝ ይበላሉ፣ የጫማ ክር ይፈታሉ፣ ያስራሉ። እኔ ግን የስኳር ወረፋ፣ የዘይት ወረፋ፣ የፓስፖርት ወረፋ፣ የሜክሲኮ ታክሲ ወረፋ ያሳደገኝ ሰው ነኝ። ድንጋይ ፈልጌ ጀርባዬን አስደግፌ ዓይኔን ከደንኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ስፖርት ከሁሉም በለጥኩ።

ሌላው የሚያስገርመው የመልህቁ ነገር ነው። ገመድ ከአንድ ነገር ጋር መታሰር አለበት መቼም። ዛፍ ካለ ከዛፍ፣ ቋጥኝ ካለ ከቋጥኝ። ምንም በሌለበት አጭር ገደል ላይ ግን ከሰው ጋር ይታሰራል። ቀልድ አይደለም፣ በሙያው ቋንቋ «የሥጋ መልህቅ» ይሉታል። ከቡድኑ ክብደት ያለው ሰው ድንጋይ ተገን አድርጎ፣ እግሩን ተክሎ ይቀመጣል፤ ሌላው በእሱ ወገብ ላይ ታስሮ ይወርዳል። ልጁ ስድስታችንንም አንድ በአንድ ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ ቆመ። የፋሲካው ዶሮና ክትፎ ገና ከእኔ አልተለየም ነበር። «ጋሼ፣ አንተ ተቀመጥ» አለ። ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ የፈሰከ ሰው ምን ያህል ተፈላጊ እንደሚሆን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አራት ጎረምሳ በወገቤ ላይ ወረደ። የእኔ ተራ ሲደርስ መልህቅ የሆነልኝ ግማሼን የማይመዝነው የእህቴ ልጅ ነበር፤ እሱ ራሱ ደግሞ በመጨረሻ ያለ ገመድ፣ ጀርባውን በአንዱ ግድግዳ፣ እግሩን በሌላው ገጥሞ እየተንሸራተተ ወረደ።

ከዚህ የባሰም አለ። ዓለቱ ለስላሳ ነው፤ ከ180 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአሸዋ ክምር ደርቆ የሆነ ድንጋይ። ገመድ በላዩ እየተሳበ አፋፉን ሸርክቶታል፣ ጥልቅ ቦይ አውጥቶበታል። ይህን ጉዳት የጠሉ ሰዎች አሸዋ የሚሞላበት ጨርቅ ፈለሰፉ። እዚያው ካለው አሸዋ ይሞላል፣ ገመዱ ከእሱ ጋር ይታሰራል፣ ሰው ሁሉ ከወረደ በኋላ ሌላ ቀጭን ገመድ ከታች ሲሳብ ጨርቁ ይገለበጥና አሸዋውን ደፍቶ ተከትሎ ይወርዳል። ምንም ምልክት አይቀርም። ረቂቅ ነው፣ አደንቃለሁ። ነገር ግን በወንጌል ሰነፉ ሰው ቤቱን በአሸዋ ላይ እንደሠራ ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረናል። ራሱን በአሸዋ ላይ ስለሰቀለ ሰው የተጻፈ የለም፤ ጌታም ያን ያህል የሚደርስ አለ ብሎ የገመተ አይመስልም። ልጁ ቀድሞ ወርዶ ከታች ገመዱን ያዘልኝ፤ እጄ ቢያመልጠኝ እሱ ገመዱን ወጥሮ ያቆመኛል። ዳይፐሩን በቀየርኩለት ልጅ እጅ ነፍሴን አደራ ሰጠሁ ማለት ነው። ያኔ ስቀይርለት ተነጫንጮብኝ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ጠባቡ ቦታ ላይ ብዙ አልቆይም። በጎን ይኬዳል፣ ሻንጣ ወልቆ በእጅ ይጎተታል፣ ደረት ከፊት፣ ጀርባ ከኋላ ግድግዳ ይፈትጋል። ከዚያው አካባቢ ስፑኪ የሚባል እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ድረስ የሚጠብ ስንጥቅ አለ፤ እሱን ለሁዳዴ አጋማሽ አቆይቼዋለሁ።

የማልቀልድበት አንድ ነገር ደራሽ ጎርፍ ነው። እዚያ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ከዓይን በራቀ ቦታ የጣለ ዝናብ ስንጥቁን ከአፍ እስከ ገደፉ ሊሞላው ይችላል፤ ጭንጫ ውሃ አይጠጣም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ዛየን ውስጥ ኪሆል በተባለ አጭር ካንየን የነበሩ ሰባት ሰዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ በጎርፍ አልቀዋል። ለድሬዳዋ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ የሆነ ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ያደረገውን ያውቃል። ልጁ የአየር ትንበያውን ማምሻውን አይቶ ሲነጋ ደግሞ አየ፤ ለእግር ኳስ ውጤት እንኳ እንዲህ ሲጓጓ አይቼው አላውቅም። ያን ጊዜ አመንኩት።

የኒዮን መጨረሻ «ወርቃማው ካቴድራል» ይባላል። የዋሻው ጣሪያ ውሃ በቆፈራቸው ቀዳዶች ተበስቷል፤ ካንየኑን በገመድ የሚወርድ ሰው በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ፣ ግድግዳ የሚባል ነገር ሳይነካ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ታች ያለው ኩሬ ውስጥ ያርፋል። ያልተነገረኝ ነገር ቢኖር ቦታው በእግር ብቻ በታች በኩልም እንደሚገባ ነው። ስለዚህ እኔ ከጣሪያው ብቅ ስል ታች ሽርሽር የመጡ ሰዎች አሸዋው ላይ ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ሁሉም ቀና አለ። ገመዱ ላይ ቀስ ብዬ እየዞርኩ ነበርና መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ ጀርባዬን፣ እንደገና ፊቴን አሳየኋቸው። አንዲት ሕፃን ወደ እኔ እየጠቆመች ለእናቷ የሆነ ነገር ነገረቻት፣ እናትየውም ጣቷን መለሰችላት። ኩሬው ውስጥ ስገባ አጨበጨቡ። ከስንቅ ከረጢታቸው ብርቱካን ሰጡኝ፤ ውሃ ውስጥ ቆሜ በላሁት።

የቀረው ሽቅብ ነው። ወንዝ፣ ሙቀት፣ አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሉት ግማሽ የሚመልስ አሸዋ። እዚህ ላይ ነው እውነተኛው ጠብ የተነሣው፤ ውሃ የጠጣውን ገመድ ማን ይሸከም? እኔ ዕድሜ ጠቀስኩ። በእኛ ባህል ታናሽ እያለ ታላቅ አይሸከምም አልኩ። ልጁ በጨዋ ደንብ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰማኝና፣ «ልክ ነህ ጋሼ፣ ግን መልህቁ አንተ ነህ፤ ገመድ ደግሞ ከመልህቁ አይለይም» አለ። እነዚህ ልጆች አማርኛው ጠፍቶባቸዋል የሚል ሰው ይምጣና ይከራከራቸው።

«መልህቅ» አልኩት፣ «ይቀመጣል እንጂ አይራመድም።» ገመዱ ላይም ተቀመጥኩበት። ከሥሬ ለማውጣት ሦስት ጎረምሳ ፈጀ።