የማኅተም ያለህ!

ዛሬም ባንክ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ገንዘቡ የእኔ፣ ደብተሩ የእኔ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ፊት የእኔ። የጎደለው ማኅተም ነው። ኧረ ማኅተምስ አልጎደለም፤ ይዤ የሄድኩት ሌላኛውን ነው እንጂ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን በሁለት እጇ መለሰችልኝና "ምናልባት ሌላ ማኅተም ይኖርዎት ይሆን?" አለችኝ። እንዴት አይኖረኝ! ሦስት አለኝ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ጃፓን የከረመ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። አገር ቤት ማኅተም የመሥሪያ ቤት ነው፤ ክቡን ማኅተምና ቲተሩን ቆልፎ የጠፋው ኃላፊ እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ትቆማለህ፣ "ነገ ተመለስ" ስትባል ቢያንስ የምትረግመው ሰው አለህ። እዚህ ቀበሌውም፣ ኃላፊውም፣ ቁልፍ ይዞ የጠፋውም ራስህ ነህ።

ሃንኮ ይሏታል፤ ጣት የምታህል የእንጨት ወይም የቀንድ ቁራጭ ናት። አንዷ ማዘጋጃ ቤት ተመዝግባ ቤት ወይም መኪና እንደመግዛት ላለ ጉዳይ ብቻ የምትወጣ ናት፤ ጂትሱኢን ትባላለች። አንዷ የባንክ ናት። አንዷ ለዕለት ተዕለት፣ ለመሥሪያ ቤት ወረቀት፣ ዕቃ ለሚያመጣ ሰው። ለሁሉም በአንዷ መጠቀም አይከለከልም፤ ግን "ከጠፋች ሁሉም ነገር አብሮ ይጠፋል" ብለው ያስፈራሩሃል። ፈርተህ ትለያያቸዋለህ። ከዓመት በኋላ የትኛዋ የየትኛው እንደሆነች ይጠፋሃል። ድሮ የባንክ ደብተሩ ላይ አሻራዋ ታትሞ ይሰጥ ነበር አሉ፤ ሌባ እንዳይገለብጠው ብለው አነሱት። ሌባውን ተዉትና እኔም ማየት አልቻልኩም።

የእኛ ስም ደግሞ ሌላ መከራ ነው። ሳቶ ወይም ሱዙኪ የተባለ ሰው መቶ የን ሱቅ ገብቶ ስሙን ከመደርደሪያ መዝዞ ይወጣል። እኔ "የቤተሰብ ስም" የሚለው ላይ የአባቴን ስም ሞላሁ፤ ሌላ ምን አለኝ? አባቴ ኃይለማርያም ነው። ካታካና በሚባለው የጃፓን ፊደል ሲጻፍ "ሃ-ኢ-ሬ-ማ-ሪ-አ-ሙ" ሆኖ ሰባት ፊደል ይወጣዋል፤ ይኼ ሁሉ 13.5 ሚሊ ሜትር ክብ ውስጥ ይግባ! አባቴ ነፍሱን ይማረውና ጃፓንን በዓይኑ አላየም። ከሞተ በኋላ ግን ቶኪዮ ላይ ቤት ተከራይቷል፣ ስልክ አውጥቷል፣ የልጅ ልጁን መዋዕለ ሕፃናት አስመዝግቧል። በየወረቀቱ ግርጌ በቀይ ክብ የተቀመጠው ስም የእሱ ነው። እርግጥ የውጭ ዜጋ በማኅተም ፈንታ መፈረም ይችላል የሚል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1899 ጀምሮ አለ። ሕጉን ግን ቅጹ አላነበበውም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ውስጥ የማላማርርበት አንድ ሰው አለ፤ ጂትሱኢኔን የቀረጸልኝ ሽማግሌ። ፁጌ የሚባለውን ጠንካራ እንጨት ፊቱን በአሸዋ ወረቀት አስተካክሎ ቀይ ቀባው፤ በቀዩ ላይ የአባቴን ስም በቀጭን ብሩሽ በጥቁር ቀለም ገልብጦ ጻፈው። ከዚያ በእንጨት መቆንጠጫ አጥብቆ ቢላዋውን አነሣ። ሲቀርጽ አይተነፍስም ልበል? ትንፋሹን የሰማሁት እንጨቱን ዞር ሲያደርግ ብቻ ነው። ርካሾቹ ሃንኮዎች ላይ የትኛው ወገን ወደ ላይ እንደሆነ ጣት የሚነግር ምልክት አለ። እሱ ምልክት አላደረገበትም። ጠየቅኩት። "ከማተምህ በፊት አዙረህ እንድታያት ነው። እያየህም ማተም ይገባህ እንደሆነ እንድታስብ።"

እኔ መቼ አስቤ አውቃለሁ? እንኳን ላስብ፣ ወረቀት ሲሰጡኝ ጠርዙ ላይ "ለማንኛውም" ተብላ የምትታተም ትርፍ ማኅተም አለች፤ ሱቴኢን ትባላለች። በኋላ ስሕተት ቢገኝ አንተን ሳይጠሩ እንዲያርሙት ነው። ባዶ ቼክ ፈርመህ እንደመስጠት ያለ ነገር፣ ግን በጨዋ ደንብ። በባህላዊው መንገድ የሚሠራው ቀይ ቀለም ደግሞ ከሲናባር ማዕድን፣ ከጉሎ ዘይትና የአሪቲ ዘመድ ከሆነ ተክል ጭረት የሚለወስ ነው፤ ብርዱ ሲገባ ይጠጥርና አሻራው ግማሹ ይወጣል፣ ግማሹ ይቀራል። "እንደገና ቢያትሙልን።" እንደገና። እንደገና።

ማኅተም ይቅር ተብሎ ነበር እኮ። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሰውን ቤት ሲያስቀምጥ፣ አንዲት ማኅተም ለማሳረፍ ብቻ በባቡር ቢሮ የሚሄዱ ሰዎች ነገር አገር አነጋገረ። በወቅቱ ሚኒስትር የነበሩት ኮኖ ታሮ ከ15,000 ገደማ የመንግሥት ጉዳዮች ከ99 በመቶ በላይ ከማኅተም ነፃ ይወጣሉ አሉ። ደስታቸውን የገለጹት "ማኅተም ቀረ" የሚል ማኅተም ምስል ለጥፈው ነው። በማኅተም! ሮኩጎ የተባለው የማኅተም ቀራጮች መንደር ያለበት የያማናሺ አውራጃ ገዥ ተቆጡ፤ አልፈርድባቸውም። ቅጹ አልሞተ፣ ሰልፉ አልሞተ፤ የሚጎዳው አስበህ አትም ያለኝ ሽማግሌ ነው። ለባንኬ ደግሞ ያ አዋጅ የደረሰው አይመስልም።

አሁን ጠረጴዛው ላይ ሦስቱንም አሰልፌ ወረቀት ላይ አትሜያቸዋለሁ። ሦስቱም አባቴን ይላሉ። ነገ ሦስቱንም በፌስታል ቋጥሬ እወስዳለሁ። ብቻ ባንኩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እኔ ከሥራ የምወጣው አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ መሙላት አለብኝ። ማኅተምም ይፈልጋል።