ነገረ መደርደሪያ ወግድግዳ

መጽሐፍ ያለ መደርደሪያ በክብር እንደ ኖረ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአገራችን ሊቃውንት ብራናቸውን በማኅደር ከትተው በጠፍር ማንገቻው ከግድግዳ ላይ ይሰቅሉት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1837 ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ በግብጽ ምድር፣ በዋዲ ናጥሩን፣ በሶርያውያን ገዳም ይኖሩ የነበሩትን የኢትዮጵያ መነኮሳት በጐበኘ ጊዜ መጻሕፍቱ በግድግዳው ዙሪያ እንዲህ ተሰቅለው ቢያገኛቸው ተደንቆ፣ ኋላ ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ ውስጥ ሥዕሉን ጨምሮ ለዓለም አሳይቷል። እኒያ አባቶች ከረኃብና ከጥም፣ ከሐሩርና ከአጋንንት ጋር መታገላቸው የታወቀ ነው፤ በመጨረሻው መደርደሪያና በግድግዳው መካከል የሚቀረው የስድስት ሳንቲም ሜትር ክፍተት ግን ከፈተናዎቻቸው አንዱ አልነበረም።

ይህ ፈተና የተጠበቀው ለእኛ ዘመን ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖረው ወገናችን የሠላሳ ዓመት ዕዳ ፈርሞ የቤት ባለቤት በተባለ ማግስት፣ ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳው ጋር አብሮ የታነጸ፣ ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ የመጻሕፍት መደርደሪያ ያምረዋል፤ አናጺ ጠርቶም ዋጋውን ይጠይቃል፤ ዋጋውን ከሰማ በኋላ አናጺውን ቡና ጠጥተህ ሂድ ብሎ በትሕትና ሸኝቶ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ኮሌጅ ፓርክ ወይም ወደ ዉድብሪጅ ይነዳል፤ በሁለቱም ስፍራ ኢኬአ የተባለው የቤት ዕቃ መደብር አለና። ሲመለስ በጠፍጣፋ ካርቶን የታሸገ፣ ቢሊ የሚሉት የቺፑድ መደርደሪያ ጭኖ ይመለሳል።

ቢሊን እ.ኤ.አ. በ1979 የነደፈው ጊሊስ ሉንድግሬን የተባለ ስዊድናዊ ነው፤ ይኸው ሰው በ1956 ጠረጴዛ ከመኪናው አልገባ ቢለው እግሮቹን ነቅሎ በማስገባቱ፣ ዕቃን ፈትቶና አጋድሞ የመሸጥ ጥበብ ለድርጅቱ ከዚያ እንደ ተጀመረለት ይነገራል። ቢሊ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሮችን ገንዘብ የመግዛት ዐቅም በቢሊ ዋጋ እስከ ማመዛዘን ደርሷል። እንግዲህ በዚህ ድርሳን የምንመረምረው ጥበብ፣ ከ60 ሚሊዮን እኩዮቹ አንዱ የሆነውን ሣጥን ለዚህ ቤት ብቻ የተፀነሰና በዚህ ቤት ብቻ የተወለደ የማስመሰል ጥበብ ነው።

የመደርደሪያ መዓርጋት ሦስት ናቸው፤ ወጣኒ፣ ማእከላዊ፣ ፍጹም። ወጣኒው ግድግዳ ተደግፎ በራሱ እግር የቆመው ነው፤ ሕፃን ሲንጠላጠልበት የሚወድቅ፣ ቤት ሲለቀቅም ተከትሎ የሚሄድ ነው። ማእከላዊው በብሎን የታሰረው ነው። የአሜሪካ ግድግዳ ውስጡ ባዶ ሆኖ አጥንቱ በየ16 ኢንች፣ ማለት በየ41 ሳንቲም ሜትር ግድም የሚቆም እንጨት ስለ ሆነ፣ አባወራው ሐኪም የታማሚን ደረት እንደሚመታ ግድግዳውን በጣቱ እየመታ፣ ጆሮውን ደቅኖ፣ ልጆቹን ዝም በሉ እያለ ያንን እንጨት ሲፈልግ ያመሻል። ፍጹሙ ግን በጠርዝ እንጨት ተከቦ፣ በስቱኮ ተመርጎ፣ በቀለም ተሰውሮ፣ እርሱ የት እንዳበቃና ግድግዳው የት እንደ ጀመረ የማይታወቀው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1132 ከአንድ ነገር ጋር በግዙፍ የተዋሐደና ያንን ነገር ሳያፈርሱ ወይም ሳያበላሹ ሊለዩት የማይቻል ሁሉ የዚያው ነገር ክፍል መሆኑን ስለ ደነገገ፣ በዚህ ሚዛን ወጣኒው ዕቃ ነው፤ ማእከላዊው ያከራክራል፤ ፍጹሙ ቤት ሆኗል። ሕጉ በሜሪላንድ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ ነገር ግን ያረቀቁት ሰዎች ቢሊን ሳያዩ ይህን ያህል መናገራቸው ያስደንቃል።

ከወጣኒነት ወደ ፍጹምነት በሚወስደው መንገድ ላይ የሚያደባው ጠላት ክፍተት ነው። ክፍተት አራት ነው፤ ታሕታይ፣ ኋላዊ፣ ላዕላይ፣ ጎናዊ። ኋላዊውን የሚያመጣው በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ዞኮሎ ነው፤ ዞኮሎውን ቆርጦ መጣል ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ታሕታዩንና ላዕላዩን ግን አንድ ላይ ማስላት ይገባል። የተራው የአሜሪካ ቤት ኮርኒስ ከወለሉ ስምንት ጫማ፣ ማለት 244 ሳንቲም ሜትር ይርቃል፤ ቢሊ 202 ነው፤ በራሱ ላይ የሚጫነው ተጨማሪ ሣጥን 35 ነው፤ ድምሩ 237 ሆኖ የሚቀረውን ሰባቱን ጌጠኛ የኮርኒስ ጠርዝ ይሸፍነዋል። ሠሪው ግን ከወለሉ ከፍ ይበልልኝ ብሎ ከሥሩ ሞራሌ የረበረበ እንደ ሆነ ሒሳቡ ይታወካል፤ አሜሪካኖች ሁለት በአራት የሚሉት ሞራሌ በእውነቱ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ነውና፣ በጠርዙ ቢያቆሙት ዘጠኝ ሳንቲም ሜትር ጨምሮ ድምሩን 246 አድርጎ ከኮርኒሱ ጋር ያጣላዋል፤ በሆዱ ቢያስተኙት ግን አራት እንኳ ስለማይሞላ ሁሉም በሰላም ይገባል። ስለዚህ ሞራሌው ይተኛ።

ወደ ጎናዊው ክፍተት ስንመጣ እስከ አሁን የተናገርነው ሁሉ መቅድም ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ፤ ግድግዳው ዐሥራ ሁለት ጫማ፣ ማለት 366 ሳንቲም ሜትር ነው እንበል። ቢሊ በወርዱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ 80ና ባለ 40። አራት ባለ 80 እና አንድ ባለ 40 ቢደረድሩ 360 ይሆናል። ስድስት ይቀራል። ስድስት ሳንቲም ሜትር ሌላ ሣጥን አያስገባ፣ መጥረጊያ አያቆም፣ ዝም ተብሎም አይታለፍ፤ በዚህ በስድስቱ ምክንያት መምህራን በሦስት ወገን ተለያይተዋል።

የመጀመሪያው ወገነ ማእዘን ነው። እነዚህ መደርደሪያውን ሁሉ ወደ አንዱ ጥግ ገፍተው ስድስቱን እንዳለ በሌላው ጥግ ይተዉታል፤ እንግዳ በዚያ በኩል እንዳይቀመጥም ትልቅ የአበባ ማሰሮ ያቆሙበታል። የዚህ ወገን ክፍተት ይውጣል እንጂ አይመልስም፤ የልጆች እርሳስ፣ የቴሌቪዥን መቈጣጠሪያ ክዳን፣ ከትምህርት ቤት የመጣ አስቸኳይ ደብዳቤ፣ የዕቁብ ደብተር፣ የጠፋ ሁሉ በዚያ አለ። ሁለተኛው ወገነ ሚዛን ነው፤ ሦስት በቀኝ፣ ሦስት በግራ ያደርጋል። ፍትሑ ይመሰገናል፤ ነገር ግን ሦስት ሳንቲም ሜትር እጅን ለማስገባት ጠባብ፣ ዐይን ይቅር እንዲለው ደግሞ ሰፊ ስለ ሆነ፣ አንድ የነበረውን ነውር ሁለት ከማድረግ በቀር የፈየደው የለም።

ሦስተኛው ወገነ ክፍልፋይ ይባላል፤ ነገሩን በጥልቅ የመረመረ እርሱ ነው። አምስት ሣጥን በመካከላቸው አራት፣ በዳርና በዳር ሁለት፣ በጠቅላላው ስድስት መጋጠሚያ አላቸውና ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ሳንቲም ሜትር ቢያድሉት ስድስቱ ያልቃል፤ በየመጋጠሚያው ላይም ከላይ እስከ ታች ቀጭን ጣውላ ቢመቱበት፣ ክፍተቱ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ የከፋው ምስክር፣ ማለት ሁለት የጎን ሳንቃዎች ተጣብቀው መቆማቸው አብሮ ይሰወራል። የእኛም ሃይማኖት ይኸው ነው። ሆኖም ሌሎቹ ወገኖች ክፍልፋዮቹን ትዕቢተኞች ይሏቸዋል፤ ክፍልፋዮቹም ሌሎቹን ሰነፎች ይሏቸዋል፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ቦሩ ሜዳ ሰብስበው የሃይማኖቱን ክርክር እንዳስቈረጡት፣ እነዚህን ሰብስቦ አንዱን የሚያጸና ንጉሥ እስኪገኝ ድረስ ጠቡ በየሠርጉና በየለቅሶው ይቀጥላል።

ክፍልፋይም ቢሆን ገና አልዳነም። የግድግዳው ወርድ ከታች 366 ሆኖ ከላይ 364 ሊሆን ይችላል፤ ቱንቢ ያንጠለጠለ፣ ውሃ ልክ ያስቀመጠ ሰው ያን ጊዜ የሚያየውን ለማንም አይመኝም። ግድግዳ ቀጥ ያለ ነገር ነው ብሎ ያስተማረን ማን ነው? መድኀኒቱ ዳር የሚቆመውን ጣውላ ሰፋ አድርጎ ይዞ ከግድግዳው አስጠግቶ፣ እርሳስ በታሰረበት ኮምፓስ የግድግዳውን ጐባጣ ከላይ እስከ ታች በጣውላው ላይ መቅዳትና በምልክቱ መቍረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ጣውላውም እንደ ግድግዳው ጠማማ ሆኖ ሁለቱ ይስማማሉ። ፀጉር የምታህለውን የመጨረሻ ስንጥቅ የሚደፍነው ቀለም የሚቀበለው አክሪሊክ መሙያ ነው። በዚህ ስፍራ ተግሣጽ አለን፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም። ደግመን እንላለን፤ ሲሊኮን ቀለም አይቀበልም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የሣጥኑን ምንጭ የሚያጋልጡ፣ በጎኖቹ ውስጥ እንደ ዳዊት መስመር ተሰልፈው የሚወርዱ የመደርደሪያ መስቀያ ቀዳዳዎች አሉ። በአንድ ቤት የሆነውን ሰምተናል፤ ለእሑድ ቡና የተጠሩ አንዲት ባልቴት ሥራውን በጸጥታ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይኸ ከቤቱ ጋር የተሸጠላችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። የቤቱ እመቤት፣ «አዎን እትዬ፣ ከቤቱ ጋር ነው» አለች፤ ባሏም ወደ ጀበናው ዞር አለ። ባልቴቲቱ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ የአንዱን ሣጥን የውስጥ ጎን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «በስቱኮ ነው የደፈናችሁት? የኔው ልጅ በጥርስ ሳሙና ነው የደፈነው፤ አይታወቅም» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ተቀበሉ።

ስለ መጻሕፍቱ ብዙ መናገር አያሻም። የባለ 80ው አንድ ንጣፍ ጣውላ የሚሸከመው 30 ኪሎ ስለ ሆነ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላትና መጽሐፍ ቅዱስ ከታች፣ ልብ ወለዱ ከመካከል ይቀመጣል፤ የቀረው ስፍራ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ የእግር ኳስ ዋንጫና ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ ትንሽ መሶብ ነው።

ነገር ግን አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ጥናቱ ጐደሎ ይሆናል። በቀድሞው ዘመን ክብር የሚንቀሳቀስ ነበረ፤ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቈርቈራቸው አስቀድሞ ነገሥታቱ አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ስለ ኖሩ፣ ምንጣፉም መጋረጃውም የሚጫን ነበር። ከግድግዳ ጋር የታነጸ የቤት ዕቃ የነበረው ባላገሩ ነው፤ መደቡ በዚያው በቤቱ ጭቃ ተለስኖ፣ ላዕላይም ጎናዊም ክፍተት ሳይኖረው፣ ትውልድ ሲቀመጥበትና ሲተኛበት ኖሯል። የዚያ ሰው ልጅ ከተማ ገብቶ መደቡን ናቀና አልጋና ብፌ ገዛ፤ የልጅ ልጁ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ሻንጣውን ሲጐትት ብዙ ዘመን ቆየ፤ አሁን ደግሞ በቅዳሜ ዕረፍቱ፣ በቺፑድና በስቱኮ፣ ከግድግዳው የማይነቀል ነገር ሊሠራ ተንበርክኮ ይታያል። ያገኘውም እንደ ሆነ ቤቱን በሸጠ ቀን፣ በውሉ ላይ ካልተጻፈ በቀር፣ በአሜሪካ ልማድ ከቤቱ ጋር የተጣበቀ ሁሉ ለገዢው ስለሚቀር፣ ወጣኒው መደርደሪያ ከጌታው ጋር ሲሄድ ፍጹሙ እዚያው ይቀራል፤ ገዢውም ሲገባ፣ «ይኸ አብሮ የተሠራ ነው» ብሎ ለዘመዶቹ ያሳያል።

የቀለምን ነገር በሰፊው ልንጽፍ አስበን ነበር፤ የሣጥኑ ልባስ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ሼላክ ያለበት ማስያዣ ቀለም ካልቀደመው፣ የላይኛው ቀለም በጥፍር ሲነካ ተልጦ እንደሚነሣ ከጠቀስን ግን ዋናው ተነግሯል። በቀለም መደብር ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን የናሙና ወረቀቶች በየስማቸው ዘርዝረን፣ ባልና ሚስት በምርጫው የሚያሳልፉትንም የክርክር ወራት በየምዕራፉ ልንከፍለው ጀምረን ነበር። ቀለሙ ግን ነጭ ነው።