የ«ታ» ነፊው፦ በማርሽ ባንድ ምልምል ላይ የተደረገ አጭር ጥናት

ስለ ጦር ሠራዊት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ሙዚቃም እንዲሁ። ሁለቱን በአንድ ትከሻ ስለሚሸከመው ፍጡር፣ ማለትም ስለ ማርሽ ባንድ ምልምል፣ ግን ሊቃውንቱ ዝም ብለዋል። ዝምታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ጎህ ሳይቀድ በምልምሉ ልምምድ ነቅቶ ከካምፕ አጥር ሥር አልጋው ላይ የሚገላበጥ ሰው ሊያጠናው የሚፈልገው ጽሑፍ ቢኖር የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ነው።

የመጀመሪያው ችግር ምደባ ነው። እግረኛው ወታደር ምልምሉን «አርቲስቱ» ይለዋል፤ ይህ ቃል ወታደር ቤት ውስጥ ሙገሳ አይደለም። ከተማ ያሉ ሙዚቀኞች ደግሞ «ወታደሩ» ይሉታል፤ ይህም እነሱ ዘንድ ሙገሳ አይደለም። ሰፈሩ ሲመለስ ነገሩ ይብሳል። በአገራችን ማለዳ የሚነፋ ጥሩምባ የእድር ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ፈቃድ ወጥቶ ቤቱ የሰነበተ አንድ ምልምል የአሠልጣኙን ትእዛዝ አክብሮ ጓሮ ውስጥ ረጅም ድምፅ ሲለማመድ፣ ጎረቤት ያሉ አሮጊት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተፍ አሉ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ኧረ እትዬ፣ ምንም የለም፤ ልጄ ነው» አለች እናት።

«ልጅሽ! ውይ በሞትኩት!»

ለቅሶ ሰሚው በርከት ካለ በኋላ ሟች ራሱ ወጥቶ ደኅና መሆኑን ለማስረዳት ሞከረ። ጥሩምባውን እንደያዘ ስለ ወጣ ያረጋጋው ሰው ጥቂት ነበር።

የታሪክ ሰዎች የነሐስ ባንዱን ከአድዋ ድል ማግስት ይጀምሩታል፤ የሩሲያው ዛር ኒኮላስ 2ኛ ለዳግማዊ ምኒልክ የላኳቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች ይጠቅሳሉ። ከዚያ በ1916 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ያገኟቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» እንደተባሉም ቀሩ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና እኛ ምልምሉ ከዛሩ ሣጥን አልወጣም ባዮች ነን። ለዚህም ማስረጃችን እንቢልታ ነው። እንቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ አንዱ ነፊ አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው። አንድ ድምፅ ይዞ ጌታ ደጅ ተራ መጠበቅ እንግዲህ ከፒተርስበርግ የመጣ ጥበብ አይደለም።

ዛሬ ያቺ አንድ ድምፅ «ታ» ትባላለች። በማርሽ ውስጥ ትልቁ ከበሮና ቱባው «ዱም» ይላሉ፤ «ዱም» እግር መሬት ሲመታ ነው። «ታ» የምትመጣው እግር አየር ላይ ሳለ ነው። ለአዲስ ምልምል ከአልቶ ሆርን ጋር አብራ የምትሰጠው እሷው ናት። ዜማው የትራምፔቶችና የክላርኔቶች ርስት ስለሆነ ምልምሉ አይደርስበትም፤ ቤተሰቡ «እስቲ የምትጫወተውን አሰማን» ሲለው የሚደርስበትን ጭንቀት አንባቢ ይገምት። በደቂቃ 120 እርምጃ በሚሄድ ማርሽ በደቂቃ 120 ጊዜ «ታ» ይላል። ሳያቋርጡ ግማሽ ሰዓት ከሄዱ 3,600 «ታ» ይሆናል። ከነዚህ ሁሉ አንዷን እንኳ ልብ ያላት ተመልካች የለም። ነገር ግን አንዲት ጊዜ ተሳስቶ «ታ»ን «ዱም» ላይ ቢያሳርፋት፣ ከኋላው የሚከተለው ጓድ እግሩ ይምታታል፤ ያን ቀን የምልምሉን ስም የማያውቅ አዛዥ አይገኝም።

ሥልጠናው የሚጀምረው ያለ መሣሪያ ነው። ምልምሉ ማውዝፒስ ብቻ ይሰጠውና ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ዝንብ ሲጮኽ ይውላል። ማታ ላይ ከንፈሩ አብጦ ክብ ማኅተም ታትሞበት ይገኛል። ቁርሱ ኮቾሮ ከሆነ አፉን ሳይጉመጠመጥ መንፋት የለበትም፤ ፍርፋሪው ፒስተን ውስጥ ገብቶ ይጣበቅና ሆርኑ የተጫኑትን ላለመመለስ ይወስናል። የኅዳር ጠዋት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። መሣሪያው ሲቀዘቅዝ ድምፁ ይወርዳል። ምልምሉ የወረደውን ድምፅ በአዲስ አበባ ከፍታ ያመካኛል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ለትንፋሽ እጥረት ሰበቡ ያስኬዳል፣ ለወረደው ድምፅ ግን አያስኬድም። የአሠልጣኙ ሃምሳ አለቃ መልስ አጭር ነው፦ ሰውየውም መሣሪያውም እንዲሞቁ ሜዳውን መዞር።

ወታደርነቱ ለይስሙላ ነው የሚሉ አሉ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በክብር ዘበኛው አዛዥ በጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ከታሰሩት አንዱ የክፍሉ ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠ ነበር። ማይክሮፎን መያዝ ከደንብ ልብስ ዕዳ እንደማያወጣ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ማሕሙድ አህመድም ኋላ እዚያው ክብር ዘበኛ ገብቶ ነው የዘፈነው። ሕዝቡ ለዳንስ የወደደው ሙዚቃ ብዙው «ተጠንቀቅ» ሲባል እጁን ከሱሪው ስፌት ጋር በሚያጣብቅ ሰው የተነፋ ነው።

ምልምሉ ከሁሉ በላይ የሚሠለጥነው ግን በመጠበቅ ነው። ቦሌ፣ ቀይ ምንጣፍ ዳር፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው ከተባለ በኋላ ያለው ጊዜ በየትኛውም ኖታ ላይ አልተጻፈም፤ ሆኖም ከማንኛውም ማርሽ ይረዝማል። ፀሐይ ነሐሱን ታግለዋለች፤ ጠዋት የወረደው ድምፅ አሁን ይወጣል። እዚህ ላይ ምልምሉ የውጭ ጉዳይ ባለሙያ ያልደረሰበት የዲፕሎማሲ ዕውቀት አለው። የስፔን መዝሙር ግጥም የለውም፤ የግሪክ 158 አንቀጽ ካለው ግጥም 2ቱን ብቻ ይወስዳል፤ ለዚህም ምልምሉ ለግሪኮች ጥልቅ አክብሮት አለው። የኡጋንዳ ከዓለም አጭሮቹ አንዱ ነው፤ የኡራጓይ ከረጃጅሞቹ። የፕሮግራሙን ወረቀት በጨረፍታ ያነበበ ሰው ትንፋሹን ለአንዱ ቆጥቦ ሌላው ይመጣበታል። የራሳችን አገርም ከ1923ቱ ዘውድ ወዲህ 3 ብሔራዊ መዝሙር አፈራርቃለች። ግጥምና ዜማ በየጊዜው ተለወጠ፤ የምልምሉ ቦታ ግን ያው ከትልቁ ከበሮ አጠገብ፣ በጆሮው በኩል ነው።

ጥናቱ መልስ ያላገኘለት አንድ ጉዳይ አለ። ትንፋሽ ቱቦ ውስጥ ቀዝቅዞ ውኃ ይሆናል፤ ውኃው ካልወጣ መሣሪያው ይንኮሮኮራል። ለዚህ ታች ትንሽ መክፈቻ ተሠርቶለታል። ሜዳ ላይ ችግር የለም፤ መሬት ይጠጣዋል። እንግዳው ከአውሮፕላን መሰላል ሲወርድ፣ ምንጣፉ ሲጠረግ፣ ካሜራው ሲዞር ውኃው ወዴት ይፈስሳል? ደንቡ የቁልፍ፣ የገምባሌና የጥፍር ርዝመት ሳይቀር ሲደነግግ በዚህ ላይ ዝም ብሏል። ነባሮቹ ያበጁት ልማድ ግን አለ፦ ከፊት የቆመው ሰው ግራ ጫማ። ከፊት የቆመውም ምልምል ስለሆነ «ተጠንቀቅ» ላይ እያለ ዞሮ ማየት አይችልም።