የጥዱ ቀዳዳ

መርካቶ፣ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንድ የሐበሻ ጥድ ነበረ አሉ። ዕድሜው ከገበያው ይበልጣል፤ ጣሊያን ገበያውን ከአራዳ አንሥቶ ወደዚህ ሲያመጣው ጥዱ ቆሞ ይመለከት ነበር። ጥዱ ላይ ወፎች ይኖሩ ነበር። ቤታቸው ቀዳዳ ነው። ቀዳዳውን የሚቆረቁረው ደግሞ ግንደ ቆርቁር ነው፤ ከእህል በረንዳ የተለቀመ አንድ እፍኝ ማሽላ ከሰጡት በሳምንቱ «ግቡ» ይላል።

በዚያ ዘመን ትርፍ ቀዳዳ ያላት እርግብ ኪራይ ልጨምር ስትል፣ ተከራይዋ ድንቢጥ «እንግዲያው ግንደ ቆርቁር አለልኝ» ትላታለች። እርግብም ትንሽ ታስብና «ኧረ ምን ቸገረን፣ በድሮው ይሁን» ትላለች። ደላላ የሚባል ወፍ አልነበረም። ቁራ እንኳ ያን ጊዜ ሥራው ሥጋ መስረቅ ነበር።

የራጉኤል ወፎች አንድ ልማድ አላቸው። ቀን ቀን ከቆርቆሮው ሥር ሰዎች የሚያወሩትን ይሰማሉ፤ የሰሙትን ማታ ጥዱ ላይ ይደግሙታል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ሰዎቹ አንድ አዋጅ አወጡ። ቁጥሩ 47 ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ ይላል። ኪራዩ 100 ብርና ከዚያ በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ እንዲያስተዳድረው ተባለ። ይህን የሰማው ጉጉት ወፎቹን ሰበሰበ።

«ከዛሬ ጀምሮ ከአንድ በላይ ቀዳዳ ያለው ትርፉን ያስረክባል። ግንዱም የሁላችን ነው። ኪራይ በወር አንድ ፍሬ ማሽላ።»

ወፎቹ እልል አሉ። ለተከራይ እውነትም የእልልታ ቀን ነበር። ግንደ ቆርቁር ብቻ ከኋላ ሆኖ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ የእኔስ ምንቃር?»

«ምንቃርህ ያንተው ነው» አለ ጉጉት። «ግንዱን ግን ያለ ፈቃድ እንዳትነካ።»

«ፈቃዱን ማን ይሰጠኛል?»

«ኮሚቴ ይቋቋማል።»

ኮሚቴው እስኪቋቋም ግንደ ቆርቁር ምንቃሩን ክንፉ ሥር ከቶ ተቀመጠ። ክረምት መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ። ቀዳዳዎቹ ማፍሰስ ጀመሩ። ተከራዩ «ቀዳዳው የጉጉት ነው፣ እሱ ያድሰው» ይላል። ጉጉት ደግሞ «በወር አንድ ፍሬ ማሽላ ሙጫ ይገዛል ወይ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አይገዛም። እንቁላል ግን ኮሚቴ አይጠብቅም፤ ይፈለፈላል።

ስለዚህ ቆጥ ተሠራ። በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ ድንቢጥ ከነባሏ ታች ትተኛለች፤ አራት ልጆቿ ቆጥ ላይ ናቸው፤ ከወሎ የመጣው የባሏ ወንድም ከቆጡ በላይ በተሠራው ቆጥ ላይ ነው፤ ሁለት ደባሎች መግቢያው ላይ ተጋድመዋል። ሌሊት አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም መገላበጥ አለባቸው። ስለዚህ ከላይ የተኛው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ይቆጥራል፣ በሦስት ይገላበጣሉ። ከደባሎቹ አንዱ እንቅልፍ ጥሎት ቆጠራው ስላመለጠው ወድቆ እግሩን ተሰበረ። ቦታው እዚያው ሌሊት ተከራየ።

ዓመታት አለፉ። በ1997 ዓ.ም. ሰዎቹ ለኮንዶሚኒየም ተመዘገቡ። ጉጉትም መዝገብ ከፈተ። «ከከተማው ዳር ባሕር ዛፍ አለ፤ ቀዳዳ ይቆረቆርበታል። ተመዝግባችሁ ዕጣ ጠብቁ» አለ። በ2005 ዓ.ም. ሰዎቹ ዳግመኛ ሲመዘገቡ፣ 10/90፣ 20/80፣ 40/60 እየተባባሉ ባንክ ሲሰለፉ፣ ወፎቹም ተሰለፉ። የወፎቹ ባንክ ጉንዳን ነው። ከመቶው ሃያውን ወፍ ይቆጥባል፣ ሰማንያውን ጉንዳን ያበድራል። ጉንዳን እህል አያያዝ ያውቃል፤ በዚህ በኩል ማንም አላማው። ባሕር ዛፉ ላይ ግን በዓመት አሥር ቀዳዳ ሲወጣ፣ ጥዱ ላይ በዓመት መቶ ጫጩት ይፈለፈል ነበር። ጫጩት ሆና የተመዘገበች አያት ሆነች፤ ተራዋን ለልጅ ልጇ አወረሰች።

ዕጣ የወጣለትም አልቀለለውም። ሰዎቹ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እንደ ወጡ ሁሉ ወፉም ዳር ወጣ፤ እህሉ ግን አሁንም ያለው እህል በረንዳ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ሲበር ውሎ የለቀመውን መንገድ ላይ በልቶ ይጨርሰዋል። በመጨረሻ ባሕር ዛፉን አከራይቶ ራጉኤል ቆጥ ተከራየ።

ቁራ ሥጋ መስረቅ የተወው በዚህ ጊዜ ነው። ዕጣ የወጣለትን ቀዳዳ ያሻሽጣል፤ ያልወጣለትን ተራ ያሻሽጣል፤ ገና ያልተፈለፈለችውን ተራ ሳይቀር ያሻሽጣል። ከገዢ ሁለት፣ ከሻጭ ሁለት ከመቶ ይቆርጣል። በሐምሌ 2014 ሰዎቹ በኮምፒውተር ያወጡትን ዕጣ ተጭበርብሯል ብለው ሲሰርዙት፣ የጥዱም ዕጣ ተመረመረ። ከባለ ዕድሎቹ አንዱ አንዲት ፍሬ ያልቆጠበ፣ ሌላው መዝገብ ላይ የሌለ፣ ሦስተኛው ጭራሹን የሌሊት ወፍ ሆኖ ተገኘ። ተሰረዘ። ቁራ ግን ቀድሞ ሸጦት ነበር። ገዢው ሲጮህበት «እኔ የሸጥኩልህ ተስፋ ነው፤ እሱን ማን ሰረዘብህ?» አለው።

ጨረታም ነበረ። ሰዎቹ የመርካቶን መሬት በሊዝ ሲጫረቱ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300,000 ብር በላይ የጠራ ነበር። ጉጉት ይህን የሰማ ዕለት ሌሊቱን ሳይተኛ አደረ፤ ድሮም አይተኛም። ያልተነካውን የጥዱን ጎን በስንዝር ከፋፍሎ ለጨረታ አወጣው። ግንደ ቆርቁር እፍኝ ማሽላውን ይዞ ቀረበ። ጭልፊት ሦስት ጆንያ ጠርቶ ወሰደው፤ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥሮም ሄደ።

«ጌታው፣ መቼ ነው የሚያስቆረቁሩት?» አለ ግንደ ቆርቁር፣ ሥራ ፈልጎ።

«ለምን አስቆረቁረዋለሁ? ዝም ባልኩት ቁጥር ይወደዳል።»

እማማ ዋኖስ ጥዱ ወገብ ላይ ባለ ካርታ ቀዳዳ ነበራቸው። ከእናታቸው የወረሱት ነው፤ አንድ ብቻ ስለነበረ በአዋጁም አልተነካ። አንድ ጠዋት ቁራ መጣ።

«እማማ፣ ሀብታም መሆንዎን ያውቃሉ?»

«እኔ ልጄ? ትናንት ጦሜን ነው ያደርኩት።»

«ይቺ ቀዳዳ ዛሬ ሁለት ጆንያ ታወጣለች።»

እማማ ዋኖስ ቀዳዳቸውን ዞረው አዩት። ያው ነው፤ ግራ ጥጉ አሁንም ያፈሳል። እህህ ብለው ሸጡት።

ገዢው ባሕር ማዶ ከርሞ የሚመጣው ሽመላ ነበር። ዋጋ ሳይከራከር በውጭ እህል ከፈለ። ከዚያ ሊገባ ሞከረ፤ አልቻለም። አንገቱን ቢያስገባ ክንፉ ይቀራል፣ ክንፉን ቢያጥፍ እግሩ ይቀራል። በመጨረሻ አንድ እግሩን ብቻ አስገብቶ «ይበቃኛል፣ ዋናው አገር ቤት መኖሩ ነው» አለና ቆልፎት በረረ።

እማማ ዋኖስ ትንሽ ቀዳዳ ገዝቼ በትርፉ እጦራለሁ ብለው ጆንያቸውን ይዘው ወጡ። የመጀመሪያው ሻጭ «ሁለት ጆንያ» አላቸው። ሁለተኛው «የእርስዎ የምታፈሰው ሁለት ካወጣች የእኔ ሦስት ናት» አላቸው። ማታ ወደ መጀመሪያው ቢመለሱ እሱም ሰምቶ ሦስት ብሏል። ከጆንያው ላይ የቁራ ድርሻ ሲነሣ ደግሞ ሁለቱም ሁለት አይሞሉም። መሸባቸው። ድንቢጥ ለጉጉት አንድ ፍሬ ከምትከፍልበት ቀዳዳ ውስጥ ቆጡን በወር አንድ ጣሳ ማሽላ አከራየቻቸው።

«አንድ ጣሳ? አንቺ እኮ አንድ ፍሬ ነው የምትከፍይው ልጄ!»

«እሱ የቀዳዳው ነው እማማ። ይሄ የቆጡ ነው።»

በ2016 ዓ.ም. ሰዎቹ የኪራይ አዋጅ አወጡ፤ ቁጥሩ 1320 ነው፣ ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይላል። ጉጉትም ደገመው። ቆጥ ላይ ያሉት ተደሰቱ፤ እማማ ዋኖስም ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነጋ ግን ባዶ የነበረ ቀዳዳ ሁሉ ባዶ መሆኑ ቀረ። አንዷ እርግብ «ልጄ ከገጠር ይመጣል» አለች። ሌላዋ «ሊታደስ ነው» አለች። ሦስተኛዋ በሁለት ቀዳዳ ላይ አንዳንድ እግሯን አድርጋ «ሁለቱም ውስጥ እኔው አለሁ» አለች። አዲስ የተጋቡ ሁለት ድንቢጦች ቁራን ቢጠይቁት «የሚከራይ የለም፤ የሚታይ ግን አለ» አላቸው። የማሳያ ከፍለው የሽመላን ቀዳዳ በውጭ በኩል አይተው ተመለሱ። ደስ ይላል አሉ።

ነገሩ ሲብስ ጉጉት ጉባኤ ጠራ። አጀንዳው «የቀዳዳ መወደድ» ነው። አንዱ «ቁራ ሕጋዊ ይሁን» አለ፤ ባጅ ተሰጠው፤ ኮሚሽኑን ጨመረ። ሌላው «ዋጋው ግንዱ ላይ ይጻፍ» አለ፤ ተጻፈ፤ ለጽሕፈቱ ልሙጥ ቦታ ስለጠፋ ሁለት ቀዳዳ ተደፈነ። አንድ ለጋ ግንደ ቆርቁር ተነሥቶ «ለእኛ ቢፈቀድልን…» ሲል ባለ ሁለት ቀዳዳዋ እርግብ አቋረጠችው።

«ጥዱ ቅርስ ነው! ውበቱ ሊበላሽ? ደግሞስ ቀዳዳ ከበዛ የእኔ ስንት ሊያወጣ ነው?»

ብዙ ክንፍ አጨበጨበ። የገዛ ልጇም ከተከራየችው ቆጥ ላይ ሆና አጨበጨበች፤ ቆጡ ሲወዛወዝባት ተወችው።

ጉባኤው በሌሊት ነበር፤ ጨረቃዋም ሙሉ። ክርክሩ መሐል ላይ ሳለ ከደረቀው ቅርንጫፍ በኩል ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው የሚረብሸን?» ብሎ ጮኸ ጉጉት። «ስለ ቀዳዳ እጥረት እየተወያየን እኮ ነው!»

ሲነጋ ቀዳዳው አልቆ ሁለቱ አዲስ ተጋቢዎች ሣር ያነጥፉበት ነበር። የከፈሉት አንድ እፍኝ ማሽላ ነው። ደንብ አስከባሪዎቹ ጅግራዎች ተሰልፈው መጡ። «ይሄ የጨረቃ ቀዳዳ ነው፣ ካርታ የለውም» አሉ። ሣሩን አወጡ፣ ድንቢጦቹን አወጡ፣ ቀዳዳውን በጭቃ መረጉት። ጉጉት በአንዱ መዝገብ «ሕገ ወጥ ቀዳዳ አንድ፣ ተወግዷል» ብሎ ጻፈ፤ በሌላው መዝገብ «ቤት ፈላጊ ድንቢጥ ሁለት» ብሎ ጨመረ፤ ጉባኤውም ወደ አጀንዳው ተመለሰ።

እኩለ ቀን ላይ ቁራ ባጁን አንጠልጥሎ እማማ ዋኖስን ወደ ደረቀው ቅርንጫፍ አመጣቸው።

«ቦታው አሪፍ ነው እማማ። ፀሐይ ያገኛል፣ ለቤተ ክርስቲያኑም ቅርብ ነው።»

«ስንት አልክ?»

«ለእርስዎ ስለሆነ ሦስት ጆንያ።»

«ተደፍኗል እኮ ልጄ። ጭቃውን ማን ያነሣልኛል?»

«ጭቃውማ ዋጋው ውስጥ ገብቷል» አለ ቁራ።