ቢጫው የጠፋበት ቴሌቪዥን

ሰው አርጅቶ ሲታመም «አይዞህ» ይባላል። ቴሌቪዥን አርጅቶ ሲታመም ግን «ጣለው» ነው። ይህን ቃል ባለፉት ስምንት ወራት ከባለቤቴ፣ ከልጆቼ፣ ከጎረቤቶቼ፣ አንድ ቀን ደግሞ ደጄ ላይ ከቆመው ቆራሌ ሰምቻለሁ። ቆራሌውስ እንጀራው ነው፣ አይፈረድበትም። የገዛ ልጅ ከቆራሌው ጋር አንድ ሐሳብ ሲይዝ ነው የሚያመው።

ጣለው የሚሉት 21 ኢንች ባለ ቀለም ቴሌቪዥኔን ነው። የገዛሁት በ1982 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ዕቃውን ከሚሸጥ ፈረንጅ ነው። የአውቶቡሱ ረዳት «ጣሪያ ላይ ይውጣ» ቢለኝ «አንተ ውጣ!» ብዬው፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ ጭኔ ላይ ታቅፌው አርባ ምንጭ ገባሁ። ከሶዶ ወዲህ ያለውን የዚያን ጊዜ ኮረኮንች ጉልበቴ እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል ያስታውሰኛል።

ያኔ አገራችን ሰሜን ኦሞ ትባል ነበር። ኋላ ጋሞ ጎፋ ዞን ተባለች፤ ቆየት ብሎ ጋሞ ዞን ሆነች። ክልሉም ደቡብ መባሉ ቀርቶ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሏል። እኔ በዚህ ሁሉ መሐል መታወቂያ ስቀይር ቴሌቪዥኔ ስሙን አልቀየረም፣ ከቦታውም አልተነቃነቀም። አሁን እሱ ነው «አሮጌ» የሚባለው።

የዛሬ ልጆች ቴሌቪዥን ከነቀለሙ የተወለደ ይመስላቸዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥራ ሲጀምር ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀለም በወጉ የገባው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነው። እስከዚያ ድረስ ባንዲራችን ሃያ ዓመት ያህል በሦስት ዓይነት አመድ ስትውለበለብ ነው የኖረችው። አረንጓዴው የትኛው እንደሆነ የምናውቀው ከላይ በመሆኑ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ነሐሴ 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ አሥር ሺውን ስታሸንፍ፣ ባንዲራውን ይዛ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋር ስትዞር፣ እኔ ቤት አረንጓዴው አረንጓዴ፣ ቢጫው ቢጫ፣ ቀዩም ቀይ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ሳሎኔ ገብቶ ነበር። የፊተኛው መሬት ተቀምጦ፣ የኋለኛው ቆሞ፣ የቀረው በመስኮት። የወሩ ስኳር በአንድ ምሽት አለቀ። መስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ሲቀድም ደግሞ አንድ ጎረቤቴ ሶፋዬ ላይ ዘሎ እግሩን ሰበረው። የሶፋውን እግር ማለቴ ነው። እስከ ዛሬ አላስጠገነልኝም። እሱም «ጣለው» ከሚሉት አንዱ ነው።

ቴሌቪዥኔ የታመመው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ፈተና አላጣውም። የአርባ ምንጭን ሙቀት ችሏል፤ የጣሪያውን አንቴና ዝንጀሮ ተንጠላጥሎበት አጣሞት ሲያበቃ እንኳ፣ በረዶ በረዶ እያለም ቢሆን ዜናውን አድርሷል። አንድ ምሽት ግን መብራት ሄዶ ሲመለስ ምስሉ በሙሉ ተጨምቆ መሐል ላይ አንዲት ነጭ መስመር ሆነ። ዜና አንባቢውም፣ ጠረጴዛውም፣ የአየር ትንበያውም እዚያች መስመር ውስጥ ገቡ። ድምፁ ደህና ነበር። ባለቤቴ ዳንቴል አለበሰችው፤ በዳንቴሉ ላይ የአበባ ማስቀመጫ አኖረች። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ተኛ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው በቁጣ የተነሣውን ወጣት ሲመልሱ አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል። እኔ የገዛ ከተማዬን ሽማግሌዎች ያየሁት ጎረቤት ሄጄ፣ ሶፋዬን በሰበረው ሰውዬ ስክሪን ላይ ነው። ያን ዕለት ነው አስጠግነዋለሁ ብዬ የማልኩት። ካልኩ በኋላ ወደ ሥራው ለመግባት ዓመታት መውሰዴ እውነት ነው፤ የሽማግሌ መሐላ አይቸኩልም።

የመጀመሪያው ጠጋኝ ክዳኑን ሳይከፍት «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለኝ። እንዴት አወቅህ ብለው «ሁሌም ቦርዱ ነው» አለ። ሁለተኛው በቡጢ ጎኑን መታው። ለካ የተማረው ይህን ኖሯል፤ ድምፁም አብሮ ጠፋ። ካልደፈረሰ አይጠራም ይባላል፤ የእኔ ደፍርሶ ቀረ። ሦስተኛው ሞባይል ጠጋኝ ወጣት ነው። ከፈተው፣ ወደ ውስጥ አየ፣ «እንዴ!» አለ፣ አብሮት ፎቶ ተነሣና ሄደ።

አራተኛውን ያገኘሁት በከተማችን ታችኛው ሰፈር በሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ፣ ታፔላ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። መነጽሩን በክር አስሮ የሚውል፣ ከእኔ ብዙም የማያንስ ሰው። ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ሲመልሰኝ ከአጥሩ ሥር ሳር ነጭቼ ፊቱ ቆምኩ። ተቆጣኝ። «ጋሼ፣ በሳር አይቀለድም! ሳር የሚያዝበት ጉዳይ የሰው ደም ነው፤ ለቴሌቪዥን ሳር ይያዛል?» አለኝ። ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ላይ ቢነግሩኝ የማላፍረውን ያህል አፈርኩ። ሳሩን ለፍየሉ ሰጥቼ ቁጭ አልኩ። ይኸኔ ራራልኝ መሰል፣ «ቀድሞ የጠፋው ድምፁ ነው ምስሉ?» ሲል ጠየቀኝ። በስምንት ወር ውስጥ ሕመሙን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሲከፍተው መጀመሪያ የወጣው እንሽላሊት ነው፤ ከነቤተሰቡ። ቀጥሎ የሠላሳ ዓመት አቧራ። ከዚያ እጄን ያዘኝና «አይንኩ!» አለ። ለካ ይህ ዕቃ የምስል ማሳያው ጋ ወደ 25,000 ቮልት ይደርሳል፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪኩ ውስጡ አድፍጦ ይቆያል። እኔ ለካ በየቅዳሜው ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ስወለውል ኖሬያለሁ። እግዜር እዚህ አገር የሠራው «የእግዜር ድልድይ» የምንለውን ብቻ አይደለም፤ ጠባቂነቱም አለበት።

ነጯን መስመር ያመጣችው ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የምትዘረጋ ጥፍር የምታክል ዕቃ ኖራለች። በዙሪያዋ ያሉት ካፓሲተሮችም በሙቀቱ ደርቀዋል። ካፓሲተሮቹ እዚሁ ተገኙ። ጥፍሯ ግን በአርባ ምንጭ ታጣች፤ ከሲቀላ ወደ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቼ፣ ከሴቻ ሲቀላ ወርጄ አጣኋት። በመጨረሻ ከመርካቶ፣ ከምናለሽ ተራ፣ ከሌላ የሞተ ቴሌቪዥን ሆድ ወጥታ፣ በካልሲ ተጠቅልላ በሰው እጅ መጣች። የጥፍሯ ዋጋ ትንሽ ነው። የሰውየው የምሳ፣ የስልኩ፣ የምስጋናው ዋጋ ሲደመር ግን ባለቤቴ የምታውቀውና እዚህ የማልጽፈው ቁጥር ሆነ።

በርቶ ያየሁት ቀን እልል ሊባል ነበር። የዲሹን ሪሲቨር በባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ አገናኘነው፤ ምስል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ! ድምፅም! ዜና አንባቢው ግን አሥር ቀን ወባ ያማቀቀው ይመስል ፊቱ አረንጓዴ ሆኗል። ከኋላው ባንዲራ አለ፦ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር።

«ቢጫው የት ሄደ?» ብዬ ጮህኩ።

«ቢጫ ድሮም የለውም፣ ጋሼ» አለ ሰውየው መነጽሩን እየጠረገ። ቴሌቪዥን ያለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው አለኝ። ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ጎን ለጎን ሲበሩ ዓይናችን ቢጫ ይላቸዋል። የእኔው ቱቦ ቀዩን የሚተፋው ክፍል ደክሟል። ቀይ ሲጠፋ ቀይ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ቢጫውን ይዞት ይሄዳል።

ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በቤቴ ውስጥ ያልነበረ ቢጫ ሳይ ኖሬያለሁ ማለት ነው። ቀይና አረንጓዴ ጎረቤት ለጎረቤት ቆመው የሠሩትን ለቢጫ ብቻ ሰጥቼ። እዚያው ቁጭ ብዬ የሶፋውን ሰውዬ አሰብኩት፤ ግን ሶፋውን ይጠግን።

መድኃኒቱ አዲስ ቱቦ ነው። አዲስ ቱቦ ግን ዛሬ አይመረትም። በ1968 እ.ኤ.አ. የወጣው ስመ ጥሩው የሶኒ ትሪኒትሮን እንኳ በ2008 እ.ኤ.አ. ምርቱ ቆሟል። ልጄ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ «አባባ፣ በቃ ባለ 43 ኢንች ጠፍጣፋውን እገዛልዎታለሁ» አለ። የልጅ ልጄም «በስልኬ ላሳይዎት?» ብላ ባንዲራውን ከነቢጫው አሳየችኝ። ባንዲራዋ አውራ ጣቴን ታክላለች። እንኳን ሰፈር፣ እኔና እሷም ግንባር ለግንባር ሳንጋጭ አብረን ማየት አልቻልንም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ልመናዬ ይህ ነው። በቤትዎ፣ በመጋዘንዎ፣ በዶሮ ቤትዎ የሞተ 21 ኢንች ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ካለ ለቆራሌው አይስጡብኝ። ድምፁ ባይኖር ግድ የለኝም፣ ቦርዱ ቢቃጠልም ግድ የለኝም፤ ቀዩ ብቻ ይብራ። አርባ ምንጭ ሲቀላ፣ ገበያው አጠገብ፣ ታፔላ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ብለው ይላኩልኝ። ካርቶን ከሌለው ጭንዎ ላይ ይዘውት ይምጡ፤ ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው። ለባለ አደራው አሳ ለብለብ እጋብዛለሁ። ሶፋው ላይ ግን እንዳይዘል።