የቮልስ ጎማ ልክ፦ ለጥናት መነሻ

በአዲስ አበባ ሊቃውንት ተከራክረው ካልጨረሷቸው ጉዳዮች አንዱ የቮልስ ጎማ ልክ ነው። በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ጎማዋ 5.60-15 ነበር። ስፋቱ 5.60 ኢንች፣ ቸርኬው 15 ኢንች። የጎኑ ቁመት አልተጻፈም፤ ዘመኑ ሰው የሚተማመንበት ነበርና።

በምትኩ የሚታሰረው 155/80አር15 ግን ስፋቱን በሚሊሜትር፣ ቁመቱን በመቶኛ፣ ቸርኬውን በኢንች ይናገራል። ሦስት የመለኪያ ሥርዓቶች በአንድ ጎማ ላይ ተቻችለው ይኖራሉ። የ155 ሰማንያ በመቶ 124 ነው፤ ላይና ታች ሲደመር 248፤ የቸርኬው 381 ሲታከልበት 629 ሚሊሜትር። አሮጌው ወደ 660 ይጠጋል። ልዩነቱ ሁለት ጣት አይሞላም።

ሆኖም ፍጥነት መለኪያዋን የሚያዞረው ሽቦ የሚነሣው ከግራ የፊት እግር መሐል ነው፤ የቀሩት ሦስቱ በፍጥነት ጉዳይ ድምፅ የላቸውም። ጎማው ሲያንስ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፤ መለኪያው 80 ሲል መኪናዋ 76 ላይ ናት። ሞተር ሳይነካ ፍጥነት የሚጨመርበት ሌላ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም።

195/65አር15 የሚሉም አሉ። ቁመቱ 634 ተኩል ስለሆነ ስሌቱ ይደግፋቸዋል፤ ጠባቡ ቸርኬ ግን አይደግፋቸውም። እዚህ ላይ ጎሚስታው ይጠየቃል። ጎሚስታው ቁጥር አያነብም። ጣቱን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሰድዶ «ችግር የለውም» ይላል፤ ብይኑ ይግባኝ የለውም።

የታሪክ ምንጮችም አይረዱም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ያልጻፈ የለም። የጎማዋን ልክ የመዘገበ ግን ይህ አጥኚ አላጋጠመውም፤ ያን ያህል ሰው ቆሞ እያየ!

ስኮርታው ለብቻው ይታይ። በዚያ ዘመን ቮልስ የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው የስኮርታው ነፋስ ነው፤ መስታወቱ በጠራ ቁጥር ስኮርታው ይከሳል። ጠንቃቃ ባለቤት ስለዚህ በጨርቅ ይወለውላል። ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው ልክ የተረፈውም ስኮርታው ብቻ ነው። የግራ የፊት ጎማ ፈንድቶ እሱ ሲታሰር መለኪያው እውነቱን መናገር ይጀምራል፤ ባለቤቱም መኪናዋ ጉልበት አነሳት ብሎ መካኒክ ዘንድ ይወስዳታል።