የሆድ ነፋስ በደቡብ ጎንደር ደጋ፦ መነሻው፣ መውጫውና ማስታገሻው

የሆድ ነፋስ በአንጀት ውስጥ ተጠራቅሞ መውጫ የሚፈልግ አየር ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ያስወጣዋል። በደብረ ታቦር ግን አስወጣሁ ያለ ሰው አልተገኘም፤ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ሕፃኑ፣ ከሌለ ውሻው ይጠየቃል። ከተማዋ በጩኸት ስሟ የሚነሳው ዐፄ ቴዎድሮስ አጠገቧ ጋፋት ላይ ባሠሩት ሴባስቶፖል በተባለው መድፍ ሲሆን፣ ይህ ጥናት ከመድፉ የሚያንሰውን ይመለከታል።

ስለ መነሻው የቆየው ንድፈ ሐሳብ «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» የሚለው ነው። አባባሉ ስለ ክፉ ጓደኛ ነው ቢባልም፣ በሥነ ሕይወት በኩል እንከን አይወጣለትም። ጊደር አመንዣኪ ስለሆነች ጋዟን በአብዛኛው በግሳት በአፏ ታስወጣለች። አህያ ግን ሣሩን የምታብላላው በኋለኛው አንጀቷ በመሆኑ የምትጠቀመው በጓሮ በር ነው። ጊደሯ ስልቱን ከሌላ ከማን ትማረዋለች?

ሰው በዚህ ረገድ ወገኑ ከአህያ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር ራፊኖስ፣ ስታኪዮስና ቨርባስኮስ የሚባሉ ስኳሮች አሏቸው። ትንሹ አንጀት የሚፈጭበት ኢንዛይም ስለሌለው ሳይነኩ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፤ እዚያ ባክቴሪያ ያብላላቸውና ሃይድሮጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንዱ ሰው ሚቴንም ይሆናሉ። እነዚህ ሽታ የላቸውም። ጎረቤት የሚያስነሳው ከአንድ በመቶ የማይሞላው፣ ድኝ ያለበት ጋዝ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀን በሽሮ በሚገፋበት አገር ባክቴሪያ ሥራ አይፈታም፤ ሽንኩርቱም ያግዘዋል።

ደጋው ደግሞ በሁለት በኩል ይበድላል። 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ንፍሮ በቀላሉ አይበስልም። የአየር ግፊቱም ስለሚቀንስ፣ ከወረታ ሜዳ ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ በሚወጣ ተሳፋሪ ሆድ ያለው ጋዝ በአንድ አሥረኛ ያህል ይሰፋል። ሚኒባሱ አይሰፋም፤ መስኮቱም «ብርድ ይመታኛል» በሚሉ እናት ቁጥጥር ሥር ነው።

ማስታገሻው ከማጀት ይጀምራል። ባቄላው ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ውኃውን መድፋት ነው፤ ከስኳሩ ከፊሉ አብሮት ይሄዳል። በቆልት ከዚህም ይሻላል፤ ዘሩ ሲያጎነቁል ስኳሩን ራሱ ይበላዋል። ጥራጥሬ ያልለመደ ሰው ጥቂት በጥቂት ቢጀምር፣ አላምጦ ቢውጥና በልቶ ወዲያው ባይተኛ ይቀለዋል። ሆድ ሲነፋ የሚታዘዘው አምቦ ውኃ ራሱ ጋዝ ነው፤ ተሻለኝ የሚያሰኘው ግሳት በአብዛኛው የጠርሙሱ ንብረት ነው። ጥራጥሬን እርግፍ አድርጎ መተው አይመከርም፤ የጾመኛ ፕሮቲን ከዚያ ነው። መነፋቱ ከክብደት መቀነስ ወይም ደም ካለበት ሰገራ ጋር ከመጣ ጉዳዩ ከሽሮ አልፏልና ሐኪም ዘንድ ይኬዳል።